የእንግዳ ቀን እንጨት

በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት ሚካኤል ማግስት፣ በጥድ በር ሆስፒታል የእናቶች ማቆያ ቤት ደጅ የነበርነው እነዚህ ነን፤ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ንጉሡ፣ አዋላጇ ሲስተር መሰረት፣ የማቆያው ምግብ አብሳይ ፋጢማ፣ የሴቶች ልማት ቡድን መሪ እትዬ እታገኘሁ ከነሴቶቻቸው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ኪዳን፣ ለእርግዝና ክትትል የመጣችው እህቴ ብዙዬ፣ እና እኔ። በፍቃዱ እባላለሁ። በሆስፒታሉ ማገዶ ፈላጭና ቆሻሻ አቃጣይ ነበርኩ።

ጥድ በር ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ ሲሄዱ፣ መንገዱ ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ ሲይዝ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ብርዷ ከባድ ነው። ማቆያው የተሠራው ከገደሉ ማዶ ለሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች ነው። ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው እዚያ ይሰነብታሉ፤ ምጥ ሲይዛቸው ግቢውን አቋርጦ ማዋለጃ ክፍል መግባት ብቻ ነው የሚቀራቸው። ሴቶቹ ሆስፒታል መውለድ ይፈሩ በነበረበት ጊዜ ያባበላቸው መርፌውም አልጋውም አይደለም። ከማቆያው ጎን ያለችው የማብሰያ ጎጆ ናት። አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል እዚያ ገንፎ ይገነፋል፤ ገና ያልወለዱት በተራ ያማስላሉ። ማማሰያውን የያዘች ምጧ ይቀልላታል ይባላል። ክርስቲያኗም እስላሟም ታማስላለች፤ አንዷ «ማርያም ትቅረብሽ» ስትል ሌላዋ «አሚን» ትላለች።

አቶ ንጉሡ ቀደም ብለው ሴቶቹን ሰብስበው፣ «ከአዲስ አበባ እንግዳ ይመጣል። የሆስፒታሉን ናፍጣና ማገዶ ይለካል። ከዞኑ የተመረጥነው እኛ ነን» ብለው ነበር። ከዚህ በላይ አላብራሩም፤ ለእሳቸውም ከዚህ በላይ የተነገራቸው አይመስለኝም። በዚያ ዘመን የሚለካ ነገር ሁሉ ሲበዛ የሚያስመሰግን ነበር። የተቆፈረ መጸዳጃ ቤት፣ የተሠራ እርከን፣ የተተከለ ችግኝ፣ በጤና ተቋም የወለደች እናት፤ ቁጥሩ ከፍ ላለለት ቀበሌ ይጨበጨብለታል፣ ዝቅ ያለበት ይገመገማል። እሳትም ሊለካ ነው ሲባል ሁላችንም የገባን አንድ ነገር ነው።

በአዘቦት ቀን በዚያች ምድጃ የሚነደው ኩበትና ጭራሮ ነበር። እንጨት በኛ አገር ውድ ነው፤ ለቤት ጣሪያና ለድግስ ይቀመጣል። የዚያን ቀን ግን ሴቶቹ ገና ጎሕ ሲቀድ በየጀርባቸው ባሕር ዛፍ አዝለው ገቡ። እትዬ እታገኘሁ በአህያ አስጭነው መጡ። እንጨቱ ለባላቸው የሙት ዓመት ተዝካር ያስቀመጡት ነበር።

«እትዬ፣ ይሄማ የጋሼ ተዝካር አይደለም ወይ?» አልኳቸው።

«ፍለጠው ዝም ብለህ። እሱ ኖሮ ቢሆን ራሱ ተሸክሞት ይመጣ ነበር። እንግዳ ፊት በኩበት ልታሳፍረኝ ነው?»

ፈለጥኩት። ምድጃዋ አልበቃ ብላ ሌላ ጉልቻ ከደጅ ተጎለተ። ትልቁ ድስት ተጣደ። ጭሱ ከጎጆዋ ወጥቶ ግቢውን ሞላው፤ አቶ ንጉሡ ዓይናቸውን እየጠረጉ በኩራት ቆመው ያዩ ነበር።

ኪዳን የእኔ እኩያ የሚሆን፣ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው። ተንጠልጣይ ሚዛን ይዞ የእንጨቱን ክምር በየእስሩ መዘነው። የጀነሬተሩን ናፍጣ አየ፣ የአምቡላንሱን መንገድ ጠየቀ፣ እኔ መርፌና ፋሻ የማቃጥልበትንም ጉድጓድ ለካ። መጨረሻ ላይ ወደ ጎጆዋ ተመልሶ እትዬ እታገኘሁን፣

«እማማ፣ እንዲህ ነው ሁልጊዜ የምታነዱት?» አላቸው።

«ሁልጊዜ ነው እንጂ!» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «የኛ እናት ብርድ አታውቅም። እንዲያውም ዛሬ ጭሱ ዓይንዎን እንዳይለበልብዎ ብለን ቀንሰነዋል።»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ኪዳን ወደ እኔ ዞረ። ከመናገሬ በፊት ፋጢማ ቀደመችኝ።

«እሱን አትጠይቅ ወንድሜ፤ ከግንድ ጋር ካልሆነ አያወራም። ሚስት ስንፈልግለት የምንመርጠው ከባሕር ዛፍ ነው።»

ሁሉም ሳቁብኝ፤ እኔም አጎንብሼ ሳቅሁ። ኪዳን ጻፈ። ከዚያ ገንፎ ቀረበለት፤ በቅቤና በበርበሬ በላ፣ ተመረቀ፣ ሄደ።

ብዙዬ ከእኔ የምትበልጥ አንዲት እህቴ ናት። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ዋለ ሳዑዲ ነው፤ እሷ ከመንገዱ በታች፣ ቁልቁለቱን ወርደው በሚደርሱበት ሰፈር ከአማቷ ከእማማ አልታዬ ጋር ትኖር ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ቤት ስታምጥ ሰንብታ ሞቶ ነው የወጣው። የዚያን ቀን ሲስተር መሰረት ከመረመረቻት በኋላ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«ስሚኝ ብዙዬ። መውለጃሽ ጠባብ ነው። ይሄኛውን ቤት ከሞከርሽው ልጁን ብቻ አይደለም የምናጣው። ለገና ማቆያ እንድትገቢ፤ እስክትወልጂ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ የለም።»

«አብሽሪ ሲስተር» አለች ብዙዬ፣ ወደ ድስቱ እያየች። «እዚህማ መውለድ ቀርቶ ማርጀትም ይቻላል። እሳቱን አየሽው?»

ወረቀቱ በኅዳር መጣ። አቶ ንጉሡ ሠራተኛውንና የልማት ቡድን ሴቶችን በአዳራሽ ሰብስበው አነበቡልን። እንጨትም ናፍጣም ሲቃጠል አየር ውስጥ የሚገባ ካርቦን የሚባል ነገር እንዳለ፣ እሱ ሲበዛ ዓለም እየሞቀች ዝናብ እንደሚዛባ አስረዱ። የዚያ ዓመት ዝናብ ቀርቶብን ስለነበር ሁሉም ጆሮውን ሰጠ። ቀጥለው፣ «በሆስፒታላችን ከጀነሬተሩም፣ ከአምቡላንሱም፣ ከማቃጠያውም በላይ ሆኖ አንደኛ የተገኘው የእናቶች ማቆያ ምድጃ ነው» አሉ።

እትዬ እታገኘሁ ብድግ ብለው እልል አሉ። ሴቶቹ ተከተሉ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ፤ አንዳንዱም ሠራተኛ አጨበጨበ።

አቶ ንጉሡ እጃቸውን አንሥተው እስኪበርድ ጠበቁ። «ተቀመጡ እናቶች። እንደሱ አይደለም። አንደኛ ማለት እዚህ ላይ መጥፎ ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በግቢው ውስጥ ማገዶ አይነድም። ጎጆዋ ትፈርሳለች። በምትኩ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ተልኮልናል።»

እትዬ እታገኘሁ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሲስተር መሰረት ከኋላ ተነሣች።

«መብራቱስ? ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ የለም።»

«ጀነሬተር አለ።»

«ጀነሬተሩን ለገንፎ ያስነሡልኛል?»

«እሱ ለቀዶ ሕክምና ነው። እሱም ይለካል» አሉ አቶ ንጉሡ። ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም። ከበላይ የመጣ ነገር ተሸክመው የቆሙ ሰው ናቸው። «ሞዴል ሆነን ተመርጠናል፤ በሁለተኛው ልኬታ ካልቀነስን የምንወድቀው ሁላችንም ነን። ቀጥሎ የፀሐይ ኃይል ይመጣል ተብሏል። እስከዚያ እንቻለው።»

ጎጆዋን ያፈረስኳት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ጉልቻዎቹን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኳቸው። በቦታው ችግኝ እንድተክል ታዘዝኩ፤ ጥድ ተከልኩበት። የመጀመሪያው ውርጭ አቃጠለው።

ብዙዬ ለገና ገባች። ሌሎች አራት ሴቶች ነበሩ። ታኅሣሥና ጥር በኛ አገር ሌሊቱ እንደ መርፌ ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል። የማቆያው ግድግዳ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። መብራት ባለ ቀን ፋጢማ በኤሌክትሪኩ ምድጃ ሽሮ ትሠራለች። በሌለ ቀን እነ እትዬ እታገኘሁ ከየቤታቸው ያመጣሉ፤ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል።

«ሪያድ ሰው ቤት ስሠራ ነው ይሄንን ምድጃ ያወቅኩት» ትል ነበር ፋጢማ፣ የጠፋውን ምድጃ በማንኪያ እየመታች። «ደግ ዕቃ ነው፤ ግን እንደ ባል ነው። ሲኖር ያሞቃል፣ ሲሄድ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም።»

«የኔን ባል ተይልኝ» ትላለች ብዙዬ። «ዋለ ቢያንስ ይደውላል።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ጥቂት ቀን ሰነበቱ። ከዚያ ፋጢማ ከአጥሩ ውጭ፣ ከግንቡ ጀርባ ሦስት ጉልቻ ጎለተች። ሴቶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው እየወጡ ኩበት ዙሪያ ተቀመጡ። ብዙዬ እግሯን ወደ እሳቱ ዘርግታ፣ ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ዘበኛው ቸኮል ግን ደረሰባቸው።

«ተከልክሏል እኮ እናቶች! እኔን ልታስባርሩኝ ነው?»

«ከግቢ ውጭ ነን» አለች ፋጢማ።

«ጭሱ ወደ ግቢ እየገባ ነው!»

«ታዲያ ዘበኛ አይደለህ? በር ላይ ፈትሸህ መልሰው።»

ቸኮል ራሱ ሳቀ፤ ዱላውን አቁሞ እሳቱን ትንሽ ሞቀ። በማግስቱ ግን አቶ ንጉሡ ጭሱን ከቢሯቸው መስኮት አይተው ወጡ። ለኪዎቹ በማንኛውም ቀን ሊመጡ እንደሚችሉ፣ ማቆያው ጭራሽ ሊዘጋ እንደሚችል ነገሯቸው። ፋጢማ በኩበቱ ላይ ውኃ ደፋችበት። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ። አንዷ «ቤቴ ጭስ አለ» ብላ ሄደች። ሌላዋን ባሏ በበቅሎ መጥቶ ወሰዳት። ብዙዬ ብቻዋን ቀረች።

እኔ ከቸኮልና ከሌላ ዘበኛ ጋር በር ላይ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ነበር የማድረው፤ እህቴን የማስገባበት ቤት አልነበረኝም። እትዬ እታገኘሁ «እኔ ዘንድ ትሁን፤ አልጋውም እሳቱም አለ» ብለው መጡ። ብዙዬ እጃቸውን ስማ እንቢ አለች። እማማ አልታዬ፣ የሙት ዓመቱ ተዝካር ባልወጣበት ቤት ነፍሰ ጡር አታድርም ብለው አጥብቀው ነግረዋት ነበር። የጋሼ ሙት ዓመት ደርሶ አልፏል። ተዝካሩ ያልወጣው እንጨቱ በጥቅምት ስለነደደ ነው። እትዬ እታገኘሁ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አውልቀው በብዙዬ ጋቢ ላይ ደረቡላትና ሄዱ።

ከከተራ በፊት ባለው ሳምንት ኪዳን ለሁለተኛው ልኬታ ተመለሰ። አቶ ንጉሡ ግቢውን እያዞሩ አሳዩት። የተከልኩትን ችግኝ አሳዩት፤ ንጹሑን የጎጆ ቦታ አሳዩት። ኪዳን ደስ ብሎት ነበር። ቀጥሎ ማቆያው ውስጥ ገባ፤ እኔ ደጁን እየጠረግሁ ነበር። ብዙዬ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ፣ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ፋጢማ እጇን እያሸችላት ነው።

«ሌሎቹ እናቶችስ?» አለ።

«ሞቃት አገር ሄዱ» አለች ፋጢማ።

«ምድጃው አይሠራም?»

«መብራት ሲኖር ይሠራል። ዛሬ የለም፤ ትናንትም አልነበረም።»

ኪዳን ምድጃውን ነካ፤ ግድግዳውን ነካ። ወጥቶ ጎጆዋ የነበረችበት ላይ ቆመ። እትዬ እታገኘሁ ለብዙዬ አጥሚት በማሰሮ ይዘው እየገቡ ነበር። አያቸውና ሰላም አላቸው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ጊዜ የመዘንኩት እንጨት የስንት ቀን ነበር?»

እትዬ እታገኘሁ ማሰሮውን ደረታቸው ላይ ያዙ። «የእንግዳ ቀን ነዋ።»

«የእንግዳ ቀን ማለት?»

«ለእርስዎ የመጣ። በሌላ ቀን ኩበት ነው። ጭራሮ ነው፤ አንዲት እፍኝ።» ወደ እኔ አዩ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። «ኩበቱ የአገሩን ሴት እንዳያሳፍር ብለን ነው ልጄ። ያለንን አወጣን።»

ኪዳን ማስታወሻውን ገልጦ አየ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። «እኔ ያን ቀን በዓመቱ ቀናት አባዛሁት» አለ፣ ድምፁ ቀንሶ። «ሌላ ቀን መጥቼ ማየት ነበረብኝ። አላየሁም።»

«ብዙ መሆኑ ነው የጎዳን?» አሉ እትዬ እታገኘሁ።

«አዎ እማማ።»

«እኔ ነኛ ታዲያ። ሁልጊዜ ነው ያልኩ እኔ ነኝ።» ማሰሮውን ለእኔ ሰጥተውኝ፣ አጥሩ ጥግ ያስቀመጥኳቸው ጉልቻዎች ላይ ሄደው ተቀመጡ። ኪዳን ተከትሏቸው ሄደና ፊታቸው ተንበረከከ። የተነጋገሩትን አልሰማሁም። ብቻ እጃቸውን ሲስማቸው አየሁ።

ከዚያ ኪዳን ከአቶ ንጉሡ ጋር ቢሮ ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ይሰማል።

«ስሕተቱ የእኔ ነው። ጎጆዋን ዛሬውኑ መልሱ።»

«ወንድሜ፣ ሪፖርቱ ክልል ደርሷል። በስብሰባ ተነቧል። እኔ በቃል ትእዛዝ እሳት አላስነድድም። ደብዳቤ አምጣ።»

«እጽፋለሁ። ነገ ሄጄ እጽፋለሁ። ግን አለቆቼ እስኪያጸድቁት የካቲት ይሆናል።»

«እንግዲያው የካቲት» አሉ አቶ ንጉሡ፣ በተሰበረ ድምፅ።

ኪዳን ከመሄዱ በፊት ወፍራም ኮቱን አውልቆ ለብዙዬ ሰጣት፤ የካቲት ላይ ሁሉም እንደሚስተካከል ነገራት። ብዙዬ አመሰገነችው። ከሄደ በኋላ ወደ እኔ ዞራ ሆዷን መታ መታ አደረገች።

«የካቲት አለ? ይሄ ሆድ የካቲትን አያውቅም በፌ።»

በማግስቱ ልብሷን በነጠላ ቋጠረች። ሲስተር መሰረት በር ላይ ይዛ ለመነቻት፤ ተቆጣቻት፤ አለቀሰችባትም። ብዙዬ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ትስቅ ነበር።

«ሲስተር፣ ሁለት ሌሊት እማማ አልታዬ እሳት ሥር ልተኛ። ለከተራ ሞቅ ብሎኝ እመለሳለሁ። ቀኔ ገና ነው ብለሽኝ የለ?»

«ቀን አይታመንም።»

«ብርድስ ይታመናል?»

እኔ ቋጠሮዋን ተሸክሜ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኘኋት። በመጨረሻ «አትሂጂ እትዬ» አልኩ። እትዬ ብያት አላውቅም ነበር። ቆማ አየችኝ፤ ጉንጬን በቀዝቃዛ እጇ ዳበሰችኝ።

«አብሽር። ከተራ ላይ ዱላህን ይዘህ እዚሁ ጠብቀኝ፤ አብረን ታቦት እናወርዳለን። ለአንተም ባሕር ዛፍ ያልሆነች ሚስት እመርጥልሃለሁ።»

ምጡ የያዛት በከተራ ዋዜማ ምሽት ነው። እማማ አልታዬ የሰፈሩን ሴቶች ጠርተው ሌሊቱን አሳለፉ፤ ሲነጋ ወንዶቹ ታቦት ለመሸኘት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። የሚሸከም ሰው የተገኘው ታቦቱ ጥምቀተ ባሕሩ ደርሶ ሰዎቹ ሲመለሱ ነው። በወሳንሳ ዳገቱን ይዘዋት ወጡ። እኔ አፋፉ ላይ ነበርኩ፤ እሷ እንዳለችኝ ከጠዋት ጀምሬ ቆሜ ነበር። ከታች የሰዎቹን ድምፅ ሰማሁ፤ የበዓል ጭፈራ መስሎኝ ነበር።

ሮጬ ወርጄ አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ብዙዬ ዓይኗን ከፍታ አየችኝ። የኪዳንን ኮት ለብሳ ነበር፤ ከወገቡ በታች ርሷል። «በረደኝ» ብቻ ነው ያለችው።

አንዱ ወጣት ቀድሞን ሮጦ የጠራው አምቡላንስ አፋፉ ላይ ተቀበለን። ሲስተር መሰረት ጓንቷን አጥልቃ በር ላይ ትጠብቅ ነበር። መብራት አልነበረም፤ ጀነሬተሩ ተነሣ። እኔ፣ ቸኮልና ፋጢማ ማዋለጃው ደጅ ቆምን። ግድግዳው ላይ «ማንም እናት በወሊድ ምክንያት መሞት የለባትም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሌላ የማየው አልነበረኝም። የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ፋጢማ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ ጀነሬተሩ ጠፋ፤ ማንም አጥፉ ሳይል የሚጠፋ አይደለም። ሲስተር መሰረት ወጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች፤ እኔም ገባኝ።

ማኅፀኗ ተቀዶ ደሟ ፈስሶ ነው ያለቀችው።

ለቅሶው ላይ እትዬ እታገኘሁ ከሴቶቻቸው ጋር ቁልቁለቱን ወርደው መጡ። እያንዳንዳቸው እንጨት አዝለዋል፤ በኛ አገር ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። እትዬ እታገኘሁ ያዘሉትን አውርደው ከእማማ አልታዬ እግር ሥር ወደቁ። እማማ አልታዬ አነሧቸው። ሁለቱም አንገት ለአንገት ተያይዘው አለቀሱ። እንጨቱ ለለቀስተኛ ውኃ ማፍያ ነደደ።

ብዙዬ በጥምቀት ማግስት ተቀበረች። ሴት ልጇ ተረፈች፤ ያጠባቻት የጎረቤት አራስ ናት። የኪዳን ደብዳቤ በየካቲት መጨረሻ ደረሰ። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በሚያዝያ ተሠራ፤ ማቆያው ግን እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ሰው ሳይገባበት ቆየ።